ባይታይ ይሻላል የተባለው ፊልም

የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥኑን ከበው፣ ያኛው ፊልም ይበልጣል ይሄኛው ይበልጣል እያሉ ሲነታረኩ አንደኛዋ ወደ እኔ ዞረችና፣ «እማማ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ፊልም አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ፍርዱን ነበር» አልኳት።

ሳቁብኝ። የምን ፍርድ ነው፣ ይንገሩን፣ እንደውም ይጻፉልን ብለው ያዙኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና እጄ ይዘገያል። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አልለመደም።

ዘመኑ የኮሪያ ዘማቾች መመለስ የጀመሩበት ነው። የአሰላ ሲኒማ ያኔ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። ፊልም የጫነ መኪና ሲመጣ የስንዴው ጆንያ ወደ ጥግ ይቆለላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፣ ሞተሩ በጓሮ ይነሳል። ፊልሙ የሚታይበትን ነጭ አቡጀዲ የሰፉት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ናቸው። ጨርቁ ከሁለት የተጋጠመ ስለነበር ስፌቱ መሃል ለመሃል ይወርዳል። ተዋናዩ ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር እዚያ ስፌት ላይ ሲደርስ አፍንጫው ይሰበራል።

«ጋሼ፣ ሰውየውን አጣመሙት እኮ» ይሏቸዋል።

«ድሮም ጠማማ ነው፤ ጋዜጣው ተናግሯል» ይላሉ።

ልብስ ሰፊው የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ ለትዳሬ ሽማግሌ ሆነው የቆሙ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ በአባት ዓይን የማያቸው ሰው ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን አሮጌ ጋዜጣ የሚሰበስቡት የኮሌታና የእጅጌ ልክ ሊቆርጡበት ነው። ታዲያ መቀስ ሳያገኘው በፊት በገበያ ዋዜማ በረንዳቸው ላይ ያነቡልናል። አዋጁንና ሹመቱን ቶሎ ቶሎ ያልፉትና ከኋላ ያለችው ነገር ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አዲስ አበባ ስለሚታዩ ፊልሞች በሁለት በሦስት መስመር የሚፈርዱ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን አናውቅም፤ በጠባያቸው ነው የምንለያቸው። አንዱን ተቆጪው እንለዋለን፣ አንዱን እንባ ቅርብ፣ አንዱን ትሁቱ።

ተቆጪው ስለ አንድ የፈረሰኞች ፊልም፣ «ፈረሱ ከሰውየው የተሻለ ይጫወታል» አለ። ስለ አንድ የመርከብ ፊልም ደግሞ፣ «ውሃው ብዙ ነው፤ ወሬው ጥቂት።» እንባ ቅርብ የህንድ ፊልም ካየ፣ «ዘፈኑ ከታሪኩ ይረዝማል፤ ቢሆንም መሐረብ ይዛችሁ ግቡ» ይላል። የግብፅ ፊልም አይቶ፣ «እናትየዋ ትክክል ናት» ብሎ ብቻ የተወው ጊዜም አለ። እኔ አንዴ ከሰማሁ አልረሳም። ማንበብ የማይችል ሰው ሌላ የት ያስቀምጠዋል?

ትሁቱ ስለ አንድ የፍቅር ፊልም፣ «ባለትዳሮች ባይገቡ ይሻላል» ብሎ ጻፈ። ምክር ቢጤ ነው። እኛ ግን ጋዜጣ የመንግሥት አፍ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ አዋጅ በሚወጣበት ወረቀት ላይ የወጣ ሁሉ አዋጅ ነው። ፊልሙ አሰላ ሲደርስ የመጋዘኑ ዘበኛ ዱላውን በሩ ላይ አጋድሞ ቆመ።

«ባለትዳር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሚስትህ ዛሬ ከእኔ ሚስት ጋር ውሃ ስትቀዳ ነበር።»

«እህቴ ናት።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው፤ ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ እልክብሃለሁ።»

ሰውየው ተመልሶ ሄደ። ማንም ዘበኛውን ተሳስተሃል ያለው የለም።

እኔ በርበሬና ኮረሪማ እየያዝኩ ገበያ ለገበያ የምዞር ሴት ነበርኩ። አንድ ጓደኛ ነበረችኝ፤ የአርሲ ልጅ፣ እስላም፣ ቅቤ ነጋዴ። ትሬንታ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ ከጆንያ በላይ ተፈናጥጠን ወደ ሮቤ፣ አንዳንዴም ወደ ጢቾና አርቦዬ እንሄዳለን። እዚያ ጋዜጣም ሲኒማም አይደርስም። ፍርዱን ግን ከበርበሬው በፊት ይጠይቁኛል። እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ እሷ በኦሮምኛ ታስረዳለች፣ የራሷንም ትጨምርበታለች። ጢቾ ላይ አንድ ሽማግሌ የግብፁን ፊልም ፍርድ ሰምተው፣ «ልጁ ሳይጠየቅ እናትየዋ ትክክል ናት ይባላል? ይግባኝ በዪልኝ» አሉኝ። ለማን ይግባኝ እንደምል እንጃ፣ እሺ አልኳቸው።

አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ታላቄ ነው። ኮሪያ ዘምቶ ነበር። ፎቶግራፍ ሳይነሳ ነው የሄደው፤ አንድም ምስል በቤታችን የለም። ጊዜው ሲረዝም ድምፁን አልረሳሁም፣ ፊቱ ግን እየሸሸኝ ሄደ። ቅንድቡን አስታውሳለሁ፣ አፉን አጣዋለሁ። ይህን ለእናቴ እንኳ መናገር ያስፈራኝ ነበር። እናቴ ከእኔና ከባሌ ጋር ነበር የምትኖረው።

ታዲያ ዘማቾቹን ኮሪያ ውስጥ እንዳሉ የሚያሳይ ፊልም አዲስ አበባ ላይ ታየ፣ ወደ አሰላም ሊመጣ ነው የሚል ወሬ አውቶቡስ ይዞት መጣ። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ደስታው አላስበላኝም፣ አላስተኛኝም። ወንድሜ ዘንድ መሄድ የማልችል ሰው፣ እሱ አቡጀዲ ላይ ሊመጣልኝ ነው አልኩ።

ጋዜጣው የደረሰ ዕለት ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሁላችንም ተሰብስበናል። ከትከሻቸው በላይ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ቆሟል፤ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ጀመሩ።

«ፊልሙ ደብዛዛ ነው። የሰው ፊት አይለይበትም። ባይታይ ይሻላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አልኩ።

«ተቆጪው ነው።»

«እሱ ደግሞ መቼ ወዶ ያውቃል! ከፈረስ በቀር» አልኩ፣ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ። የሳቀ አልነበረም። ጸሐፊው ወደ ቺላሎ ተራራ ያይ ነበር። ጓደኛዬ የቅቤ ቅሏን ክዳን ትከፍታለች ትዘጋለች። ለወትሮው በእያንዳንዱ ፍርድ የሚጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ያን ዕለት ተነስቶ ቤቱ ገባ። እኔ፣ አዘኑልኝ ብዬ አሰብኩ።

ባይታይ ይሻላል ከተባለ፣ ባይታይ ይሻላል ነው። ፊልሙ አሰላ የገባ ሰሞን ሮቤ ሄድኩ። እዚያም ልጇ የዘመተባት አንዲት እናት፣ አሰላ ደርሳ ፊልሙን ልታይ ስንቋን ቋጥራ መኪና ስትጠብቅ አገኘኋት። ፍርዱን ነገርኳት። ስንቁን ፈትታ እዚያው መንገድ ዳር አብረን በላነው። «እንኳን አንቺን አገኘሁ» አለችኝ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ልጄ ክርስትና ከተነሳች በኋላ አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ከፊት ልብስ ሰፊው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ያገሬ ሰው ያውቃል። ወንድሜ ከኮሪያ አልተመለሰም። ለካ ወሬው ከደረሰ ቆይቷል፤ ነፍሰ ጡር አይረዳም ተብሎ ከእኔ ብቻ ነው የተሸሸገው። እናቴ ሐዘኗን ውጣ፣ ጥቁር ሳትለብስ፣ ከእኔ ጋር ስትስቅ ከርማለች። ይህ ወግ ነው፤ እኔም ብሆን ለሌላ ሰው እንዲሁ አደርጋለሁ። በዚህ አልተቀየምኩም።

የተቀየምኩት በሰልስቱ ነው። ጓደኛዬ ደረቴን እንዳልመታ እጄን ይዛ ታባብለኛለች።

«ተይ አቦ፣ ተይ። እሱ እንደሆነ እየሳቀ ነው የሄደው። ያ ጥርሱ፣ ያ ፊቱ እንዴት ያምር ነበር።»

«የት አየሽው?»

እጄን ለቀቀችው።

«እሱ ሲሄድ አንቺ አታውቂውም ነበር። የት አየሽው?»

«ወላሂ፣ አትጠይቂኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከተማው በሙሉ መጋዘን ገብቶ ወንድሜን አይቶታል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት መሃል ፊቱን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐዘኑ እንደበረደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናቸውን ማዞር አቆሙ።

«ጋሼ፣ ጋዜጣው ያለውን አነበቡልኝ ወይስ እርስዎ ያሉትን?»

«እኔ ያልኩትን ነው፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ፊልሙን ብታዪ ጎንሽ ያለው ሁሉ ያለቅስብሻል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ አዳራሽ ማን ዝም ያሰኘዋል? ትረጂ ነበር። ሁለት ነፍስ ነበርሽ።»

«ፊልሙ መጥቷል፣ አንቺ ግን አትሂጂ ቢሉኝ እምቢ እልዎት ነበር?»

 ከመሳቢያቸው ያን ጋዜጣ አወጡ፤ ልክ አልቆረጡበትም ነበር። አነበቡልኝ። «ይህን ፊልም መንቀፍ አልችልም። የልጆቹ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ዘመድ ያለው ሁሉ ሄዶ ይይ።» የተቆጪው ፍርድ ነው።

«አሁንስ የሚያነቡልኝ የተጻፈውን መሆኑን በምን ልወቅ?» አልኳቸው።

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ ክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል ወደሚያክመው ሰው፣ ወሰድኩት። እሱም ያንኑ አነበበ። ቢሆንም ሆዴ አላመነም። ከዚያ ወዲህ፣ ፊደል እስክቆጥር ድረስ፣ አንድን ወረቀት ለሁለት ሰው ሳላስነብብ ሄጄ አላውቅም።

ፊልሙን ፍለጋ ልጄን አዝዬ ናዝሬት ወረድኩ። መኪናው ሐረር ሄዷል አሉኝ። ሌላው ደግሞ፣ የለም፣ ጅማ ነው አለኝ። የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስመለስ ሮቤ ያለችውን እናት አሰብኩና ያንን ገበያ ለብዙ ጊዜ ተውኩት። የእሷ ልጅ በሕይወት ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያም ሆኖ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ፍርድ መናገርም ቀረ። ጢቾ ላይ ሲጠይቁኝ፣ «ጋዜጣው መምጣት አቁሟል» እላለሁ። ጓደኛዬን ይቅር አልኳት፤ አብሮ መንገድ የሚሄድ ሰው ተኳርፎ አይዘልቅም። ልብስ ሰፊውን ግን አልቻልኩም። በበረንዳቸው ሳልፍ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ አልቆምም። ለልጄ ቀሚስ ሰፍተው ቢልኩ መለስኩ። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። ማታ ማታ ስለ እሳቸው ሳማርር ጥጧን እየፈተለች ታዳምጠኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሰውየውን ብትተዪው» ብላኝ ነበር። ዕድሜዋን አይቼ ነው እንጂ እቆጣት ነበር። ልብስ ሰፊው እንደተኳረፍን አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፣ አላለቀስኩም።

ከዓመታት በኋላ እናቴም አረፈች። ተዝካሯን ያወጣን ዕለት፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም አርጅታለች።

«አሁን እንግዲህ ለእናትሽ የማልኩላት መሐላ አይዘኝም» አለችኝ። «ፍርዱን ገልብጠው እንዲያነቡልሽ ጋሼን እግራቸው ላይ ወድቃ የለመነቻቸው እናትሽ ናት። አይሆንም ሲሉ ነበር። ከተጠየቁ የራሴ ሐሳብ ነው ይበሏት፣ የእኔን ስም ግን አያንሡባት አለቻቸው።»

«እናቴ ስለ ፊልሙ ታውቅ ነበር?»

«ገብታ አየችው እንጂ። አጠገቧ ነበርኩ። ወንድምሽ ወደ እኛ ዞሮ ሲስቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው፣ ድምፅ አላሰማችም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ፊልም የሚያሳየውን ሰውዬ ለመነችውና ሞተሩን መልሶ አስነሳው። ለእሷ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ደግሞ አሳያት።»