የኦቦ ቶሎሳ ፊት

ጎረቤቴ ሰላጣ ስታዘጋጅ የኮምጣጤው ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ብሩሼን አስቀምጬ ለአፍታ ሰበታ ደርሼ እመለሳለሁ። አባቴ በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ገበያ ዳር ፎቶ አንሺ ነበር፤ ፎቶ የሚያጥብበት ጓዳችን ከማጠቢያው ፈሳሽ የተነሳ እንዲሁ ይሸት ስለነበር እናቴ «ቤቴን የሆመጠጠ ጠላ አስመሰልከው» እያለች ስትነጫነጭ፣ እሱ «ጤፍ የሚገዛልን ይኸው ሽታ አይደለም እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዝ ነበር። ባለሦስት እግሩ የሳጥን ካሜራ ያለ ፀሐይ አይሆንለትም፣ የሰበታ ሰማይ ደግሞ ሐምሌ ከገባ ፀሐይ የሚባል ነገር ይረሳል፤ ስለዚህ አባቴ መስኮቱ ሥር አስቀምጦኝ፣ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በጥጥና በቀጭን ብሩሽ ማቅለም ያስተምረኝ ነበር። ከንፈር ቀላ ይላል፣ ጥለት አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ግን ፊት መጥራት አለበት፤ ማዲያቱም፣ ጠባሳውም፣ የግንባሩም መስመር ይጠፋና ጠይሙ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። «ደንበኛ መስተዋት አይደለም የሚፈልገው፣» ይለኝ ነበር፣ «መስተዋትማ ቤቱ አለው።» እኔም የሰበታን ሽማግሌ ሁሉ ወጣት አደረግሁ ብዬ በልጅ ልቤ እኮራ ነበር።

መስቀል አልፎ ፀሐይ ስትመለስ፣ ቅቤ የሚያመጡልን አዴ ጫልቱ ባዶ እጃቸውን መጡ። ባላቸው ኦቦ ቶሎሳ በዚያ ክረምት አርፈው፣ የልጃቸው የአያንቱ ሰርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

«ልጄ አባቷ ሳይመርቃት ልትወጣ ነው፤ ፊቱን እንኳ ይዛ ትሂድ። ቶሎሳን አንሳልኝ» አሉት አባቴን።

«አዴ ጫልቱ፣ እኔ የማነሳው ፊቴ የተቀመጠውን ነው። የሞቱትን ከየት ላምጣቸው?» አለ አባቴ፤ ኦቦ ቶሎሳ በሕይወታቸው አንድም ቀን ፎቶ ተነስተው አያውቁም ነበርና።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲነሱ አላስቻለኝም። «ወንድማቸው ኦቦ ዲንሳ ይመስሏቸው የለ?» አልኩ። እናቴ በትልልቅ ሰዎች ወሬ በመግባቴ በዓይኗ ገረፈችኝ፣ አባቴ ግን አገጩን እያሻሸ «እስቲ ይምጡ» አለ።

ኦቦ ዲንሳ የሟች ወንድማቸውን ካባ ደርበው ፎቶ ተነሡ፣ እኔም ፎቶውን እንደተማርኩት አጥርቼ፣ አቅልቼ፣ አሳምሬ ሰጠሁ። አዴ ጫልቱ ብዙ አዩት።

«ሸጋ ሰው ነው፣» አሉ በመጨረሻ፣ «የማን ባል ነው?»

አባቴ ሊስቅ ጀምሮ፣ እንባቸውን ሲያይ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀበለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ከዚያው ኔጋቲቭ ሌላ ቅጂ አጠበ። አዴ ጫልቱም አጠገቤ ተቀምጠው፣ አማርኛው ሲያጥራቸው በኦሮምኛ እየቀጠሉ፣ ባላቸውን በጣታቸው እኔው ፊት ላይ ይስሉልኝ ጀመር። «እዚህ ጋ በሬ የወጋው አለ። ይኼኛው ዓይኑ ጠበብ ይላል፣ ሳቂታ ነው። አታቅዪው ልጄ፣ ቶሎሳ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ነው የኖረ።» ክረምቱን ሙሉ ሳጠፋ የከረምኩትን ዓይነት መስመርና ጠባሳ፣ አሁን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ አስገባሁ። ሲያልቅ አዴ ጫልቱ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ለብቻው አናገሩት፤ ከዚያ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳሙኝ፣ እኔም ደስታው አልቻል ብሎኝ አለቀስኩ።

በጥር ሰርግ ፎቶው በአባት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ አያንቱ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ ፎቶው ግን እስከ ደረት ብቻ ስለነበር ቀና ብላ ጠባሳውን ሳመች።

ዛሬ እኔም የሰው ፊት ሠዓሊ ሆኛለሁ። የልጆቼ ስልክ ክረምት ከበጋ ሳይል ያነሳል፣ ማዲያቱንም ጠባሳውንም ማንም ሳያዘው ያጠፋል፤ አባቴ ቢያየው በደስታ እንቅልፍ ያጣ ነበር፣ እኔም አልነቅፈውም። ግን ሊሳል የመጣ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ፣ ቀለም ከመበጥበጤ በፊት አብሮት የመጣውን ሰው ገለል አድርጌ «ምኑን ብተወው ሌላ ሰው ይሆንብሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስንቱን ጠየቅሁ፤ እስከ ዛሬ ቁንጅናውን የነገረኝ የለም።