በድንግዝግዝ የቀበርኩት አንጮቴ

የታሰርኩት ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሊያኖች ዲላ እንደገቡ ቡናውን ጭነው ወሰዱና መጋዘኑን የሰው ማሰሪያ አደረጉት። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነበር። ወለሉ ላይ የቀረው ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ በእርጥበትና በላባችን ሻግቷል። እስከ ዛሬ የሻገተ ቡና ሲሸተኝ ተነሥቼ ከቤት እወጣለሁ።

ወንጀሌን ልናገር። ሱቅ ነበረኝ፤ ጨርቅና ጨው እሸጣለሁ። ልቤ ግን ጓሮዬ ውስጥ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ የሚበላ ተክል ካየሁ ሳልሞክረው እንቅልፍ አይወስደኝም። ቦዬ የሚባለውን ሥር በየዓይኑ ቆርጬ እተክላለሁ፤ የአናናስ አናት ውሃ ውስጥ አቁሜ ሥር አስወጣለሁ። ግማሹ ይደርቃል፣ ግማሹ ይበሰብሳል፣ አንዳንዱ እንደ ምንም ብሎ ይጸድቃል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብዝቶ የሚስቅብኝ አበልጄ ነበር፤ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ፣ አጥር የሚያዋስነን ሰው። «ነጋዴ ሆነህ አፈር ስትጭር ፍልፈል ታስንቃለህ» ይለኛል፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ እየሰማ።

አንድ የበቅሎ ነጋዴ ከወለጋ አንጮቴ አመጣልኝ። እዚያ ቀቅለው የሚበሉት የሐረግ ሥር ነው። በጌዴኦ አፈር ይጸድቅ እንደሆነ ለማየት ቸኮልኩ። የተቆረጠው ጎኑ እንዳይበሰብስ አመድ ነሰነስኩበት፣ በኮባ ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። አበልጄ አይቶ እንዳይስቅብኝ ብዬ ድንግዝግዝ እስኪል ጠብቄ ቀበርኩት። እሱ ግን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶኛል።

በማግስቱ አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች መጥተው ጓሮዬን እንደ እርሻ ገለበጡት። ቦዬው ተነቀለ፣ አናናሱ ተረገጠ፤ ከጉድጓዱ የወጣው ግን አንጮቴው ብቻ ሆነ። ጣሊያኑ መኮንን ቀብረሃል የተባልከውን መሣሪያ ወዴት አዛወርከው ብሎ በአስተርጓሚ አስጠየቀኝ። የሚበላ ሥር ነው አልኩ። ተደብቆ በምሽት ሥር የሚቀብር ባለሱቅ ማን ያምናል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ገርፈው መጋዘኑ ውስጥ ሲጥሉኝ አስተርጓሚው አንጮቴውን ከኋላዬ ወረወረና «ጥይትህን ያዝ» አለኝ። ጥግ ይዤ ጀንፈል ውስጥ ሸጎጥኩት።

አበልጄን ያመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ስላበጠ መጀመሪያ አላወቅኩትም። እየተጎተተ አጠገቤ መጣና ሁሉንም በራሱ አፍ ነገረኝ። ያለው አንድ ልጁ፣ ያ ጎረምሳ፣ ጫካ ላሉት አርበኞች ጨው አቀብለሃል ተብሎ ተይዟል። አንድ መሣሪያ ካሳየኸን እንለቅልሃለን አሉት። ያን ምሽት ያየውን ነገራቸው። መሣሪያ ሲጠፋ አታለልከን ብለው እሱንም አሰሩት፤ እስከ እሁድ ካልተገኘ ልጁ ይረሸናል። ላንቀው እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን በሁለት እጁ ያዘው።

«አበልጄ፣ ባነሳሁልህ ልጅ ይዤሃለሁ፤ ያዛወርክበትን ንገረኝ» አለኝ።

«አንጮቴ ነው።»

«አትቀልድብኝ።»

«አንጮቴ ነው፣ አበልጄ። እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው ሲመሽ የቀበርኩት።»

እጄን ለቀቀው። ተበቅዬ ልጁን የማስገድልበት መስሎታል። መሣሪያ ቢኖረኝ፣ እውነቴን ነው፣ እነሱ በእሱው ቢገድሉኝም አውጥቼ እሰጥ ነበር። አለኝ ብዬ መዋሸትም አሰብኩ። ግን የትኛውን ጉድጓድ ላሳያቸው?

እሁድ ጠዋት ከግቢው ተኩስ ሰማን። አበልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክረምቱ ጠነከረ፣ መጋዘኑ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ቀን ጀንፈሉን ስገልጥ አንጮቴው አጎንቁሏል፤ ብርሃን ያላየ፣ ነጣ ያለ ቀጭን ቡቃያ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወስጄ በአበልጄ መዳፍ ላይ አኖርኩለት። በጨለማው ውስጥ በጣቱ ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው።

«ለካ እውነትህን ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። የድርሻውን ቆሎ ወደ እኔ ይገፋል፤ ብለምነው፣ ብቆጣው አልሰማኝም። ያንን ቡቃያ ባላሳየው ኖሮ እኔን እየጠላ ይኖር ነበር እላለሁ። ሰው በጥላቻም ይሰነብታል።

የሞተ ዕለት ሬሳውን የሚነካ ሰው ጠፋ። የጠቆመ ሰው መሆኑ ተወርቷል። ሁሉም ባለበት ተቀመጠ። ተነሥቼ ዓይኑን ከደንኩ፣ ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ የእግሮቹን አውራ ጣቶች አንድ ላይ አሰርኩ።

ከአርበኛ ልጁ የተነሳ የታሰረ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ነበር። «አንተን ያስያዘህ እሱ አይደለም ወይ?» አለኝ።

«አበልጄ ነው» አልኩት።

ሽማግሌው ተነሥቶ ሬሳውን በእግሩ በኩል ያዘልኝ።

ቡቃያው እዚያው ጨለማ ውስጥ ደረቀ። ከተፈታሁ በኋላ አንጮቴ ተክዬ አላውቅም። ሌላውን፣ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ፣ ዛሬም በእርጅናዬ እሞክራለሁ። የምተክለው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የጓሮዬን በር ከፍቼ፣ ጎረቤቶቼን ኑ እዩ ብዬ ጠርቼ። እነሱም ይስቁብኛል። ይሳቁብኝ።