ስለት ከእጅ ወደ እጅ

ዓይደር ባለው የመድኃኒት መጋዘናችን ካርቶን በምላጭ ስንከፍት ያልተቆረጠ ጣት አልነበረንም። ስለዚህ አለቃችንን ለምኜ፣ ገበያ ወጥቼ ስንቱን ሞክሬ አዲስ መቁረጫ መረጥኩ። እጅህን ስታላላ ስለቱ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እየሮጥኩ ለባልደረባዬ ለአቦይ ሐጎስ ዘረጋሁላቸው።

"ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ወደይ፣ ልጄ። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ያጣላል።"

"ስለቱ ገብቷል እኮ፣ አቦይ፤ አይጎዳም። ይቀበሉኝ።"

"አስቀምጠው።"

"አንዴ ብቻ ይያዙት።"

"አስቀምጠው ብያለሁ።"

እኔም ግትር፣ እሳቸውም ግትር። ሳናውቀው ጮኸን ኖሮ አለቃችን ከቢሮዋ ሮጣ መጣች።

"ምን ሆናችሁ?"

አቦይ ሐጎስ እጄ ላይ ያለውን መቁረጫ በአገጫቸው አሳዩአት።

"አይጎዳም ያለኝን ዕቃ እዪው። ገና ሳልይዘው አጣላን።"