የግራ እጅጌው ስፌት

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የቆዳ ጃኬቱን የግራ እጅጌ መጣፍ ነበር። መርሳ ከተማ ባለው ቤታችን በር ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ ሰሌን ላይ ተቀምጠናል። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የመኪናው የኋላ በር መንጠቆ እጅጌውን ከክርኑ እስከ አንጓው ሰንጥቆበት ነበር።

ያባስኩት ግን እኔ ነኝ። ተማሪ ቤት ጥልፍ ተምሬአለሁ፤ ስፌቴ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር እኮራበታለሁ። እሱ መኪናውን ሊያሠራ ወልድያ በሄደበት ቀን፣ ላስደስተው ብዬ ስንጥቁን በቀጭን መርፌ ገጥሜ ሰፋሁት። ሲያዩት ያምር ነበር። ለብሶት መሪ ሲያዞር ግን ስፌቱን ተከትሎ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተተረተረ። ጨርቅ መርፌ የወጋውን መልሶ ይገጥማል፤ ቆዳ የተወጋበት ቀዳዳ እንደተከፈተ ይቀራል። ይህን አላውቅም ነበር።

«የትራስ ልብስ መስሎሽ ነው?» አለኝ እየሳቀ። «አበባም ጣል አታደርጊበትም ነበር?»

«አንተ ደግሞ እንደ ጆንያ ልትሰፋው ነው።»

«ጆንያ እህል ያፈሳል? አያፈስም።»

ከአሮጌ ጫማው ምላስ እራፊ ቆርጦ ከውስጥ አስገባበት። ክሩን በሰም አሸ። በወስፌ እየበሳ፣ በስፌትና በስፌት መካከል የጥፍር ስፋት እየተወ፣ ከክርኑ ጀምሮ እስከ ግማሽ ሰፋው። እኔ ጫፉን ይዤ እወጥርለታለሁ። ከዚያ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ወስፌውን አስቀመጠ። ወባ ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

በእሱ ቤተሰብ ልማድ የሟች ልብስ በአርባው ለወንድሙ ይሰጣል። ታላቅ ወንድሙ ከወልድያ በላይ ባለው ደጋ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ብርዱን አውቀዋለሁ፤ ጃኬቱ ለእሳቸው እንደሚገባም አውቃለሁ። መስጠት ግን አልፈለግሁም። ግማሹ አልተሰፋም፣ አይለበስም ብዬ ላስቀረው አሰብኩ። ሰላሳ ስምንት ቀን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቆየ። አርባው ሁለት ቀን ሲቀረው አወረድኩት። ሰበብ ፈልጌ ማስቀረቱን ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። የቀረውን በወስፌ፣ እሱ እንዳደረገው እያራራቅሁ ሰፋሁት። እጄ ስላልለመደ ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ።

በአርባው ሰው ከበላ በኋላ ጃኬቱን ለታላቅ ወንድሙ አወጣሁላቸው። ለብሰው ክንዳቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ።

«ይህን ማን ሰፋው፣ እህት ዓለም?»

«እስከዚህ እሱ ነው። ከዚህ ወዲህ እኔ ነኝ።»

በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ያንቺው ይጣመማል» አሉ። «እሱ እኮ ገና ሳያድግ የበሬ ጠፍር ስንሰፋ ነው የለመደው። ያኔ የእሱም ይጣመም ነበር፤ አባታችን ይቆጡት ነበር።»

እሱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

«ጋሼ፣ ስፌቱ ሲላላ ሌላ ሰው እንዳያስነኩት፤ ለእኔ ይላኩልኝ።»

«በሬ ነው እንዴ እየነዳሁ የምልከው? አንቺው ነይ እንጂ! ቤቱ የማን ሆነና?»

ለብሰውት ሄዱ። አሁን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ወደ ደጋ እወጣለሁ። ቆዳውን ቅባት አሽቼ፣ የላላውን አጥብቄ፣ ሁለት ቀን ሰንብቼ እመለሳለሁ።