የፀጋው በረዶ

እትዬ ታንጉት ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን እንደታጠቡ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያደርቁና መዳፋቸውን ከፍሪጁ ጎን ላይ ያሳርፋሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ሞተሩ ከውስጥ ሲያንቀጠቅጠው ከተሰማቸው “አለ” ይሉና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ካልተሰማቸው እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። ደባርቅ ውስጥ ግቢያቸው ተከራይቼ በኖርሁባቸው ዓመታት ይህን ሳያደርጉ የዋሉበትን ቀን አላየሁም።

ፍሪጁ አሮጌ፣ ነጭ፣ በሩ የተጫጫረ ነበር። ወተት የለበት፣ ሥጋ የለበት። ከላይኛው በረዶ ቤት ውስጥ ብቻ ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳው ውስጥ ያለው በረዶ ነው።

በረዶውን ያመጣው አንድ ልጃቸው ፀጋው ነው። ለቱሪስቶች በቅሎ እየጫነ ፓርኩን ይወጣ ይወርድ ነበር። አንድ ክረምት ቧሂት ተራራ አናት ላይ እንደ ዱቄት የተነፋ በረዶ እንዳየ ሲነግራቸው፣ እሳቸው የሚያውቁት በረዶ ገብስ የሚያጠፋውን፣ እየጠጠረ የሚወርደውን ነበርና “ውሸትህ ደግሞ አባትህን አስናቀ” አሉት። በሚቀጥለው ጉዞው በሻይ ፔርሙሱ ጠቅጥቆ ይዞላቸው መጣ። ከጨነቅ ካምፕ በጭነት መኪና ሲወርድ ፔርሙሱን በብብቱ አቅፎ ነበር አሉ። ጣሳው ውስጥ ገለበጡትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት።

በዓመቱ ፀጋው በመተማ አድርጎ ወጣ። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። “በረዶዬ አለ?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

በ2005 ዓ.ም. አብሮት የሄደ አንድ የዳባት ልጅ ጀልባዋ እንደሰጠመች፣ ፀጋውም ከሰጠሙት ጋራ እንደነበር ለዘመዶቹ ነገረ። ወሬው ደባርቅ ደረሰ። እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ከፊት የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ። እትዬ ታንጉት በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

“አባ፣ የመጡበትን አውቀዋለሁ። አስቀድመው ግን ይግቡና አንድ ነገር ይዩልኝ።”

በረዶ ቤቱን ከፈቱ፤ የጣሳውን ክዳን አነሡ።

“ይኸ ሲቀልጥ መርዶውን ያርዱኝ። ሳይቀልጥ ለቅሶ አልቀመጥም።”

“ኧረ ታንጉት፣ ይኸማ…” አሉ ቄሱ። ጣሳውን ዐይተው፣ እሳቸውን ዐይተው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ድንኳን አልተተከለም፤ ፍትሐት አልተደረገም። ፀጋው ከሞቱትም ካሉትም ሳይቆጠር ቀረ። ሴቶች በዚያ በር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ወደዚያ ቤት ያቆማል፤ እሪታ እየጠበቀ። መብራቱ ይመጣል፣ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይነሣል፣ ሰውም ወደ ወሬው ይመለሳል። እኔም በግድግዳው ማዶ ተኝቼ ያን ሞተር እንደ ሰው ትንፋሽ ማድመጥ ለመድሁ።

በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውርጩ በረታ። እትዬ ታንጉት ብርዱ ያግዘዋል ብለው ፍሪጁን ከሳሎኑ ወደ ኋላ ጓዳ አስገፉት። ፀሐይ የማያየው፣ ቅቤ እንደ ድንጋይ የሚሆንበት ጓዳ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት መዳፋቸውን ቢያሳርፉ ፍሪጁ ዝም። ቆመው ጠበቁ። አሁንም ዝም። ላይኛውን ከፈቱና ብዙ ቆይተው ዘጉት።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የጠሩኝ። “ሂጅና ሕሩይን ጥሪልኝ” አሉኝ።

ሕሩይ ሬዲዮም ምጣድም ፍሪጅም የሚጠግን የሰፈሩ ሰው ነው። ገና ሲገባ “ቀዝቃዛ ነገር ሳያቀርቡልኝ ፍሪጅ ክፈት ይሉኛል?” አለ።

“ሥራህን ሥራ፣ አንተ ቀልደኛ።”

በሩን ሲከፍተው የውስጡ አምፖል በራ። “ኃይል አለው” አለ። ሶኬቱን ነቅሎ አየ፤ አልተቃጠለም። ወረቀት በሩ መሐል አስገብቶ ዘጋና ሳበው፤ ጎማው ነክሶ ያዘው። “ይኸም ደኅና ነው።” ከጀርባው አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ጣቶቹ ደንዝዘውበት እፍ እያለ ዙሪያውን ቃኘ።

“እዚህ ማን አስገባው?”

“እኔ ነኛ። ብርዱ እንዲያግዘው።”

ሕሩይ መፍቻውን አስቀመጠ። “አታለሉት እኮ፣ እትዬ። ብርዱን የሚለካው መሣሪያ እታች ነው። ጓዳው እንዲህ ሲሆን እታቹ ‘በቃኝ’ ይላል፣ ሞተሩም ይተኛል። የላዩ በረዶ ግን ሞተሩ ካልሠራለት አይቆምም።”

“በብርድ ምክንያት ቀለጠ በለኛ።”

“በብርድ ምክንያት።” ወዲያው የተናገረው ከበደው መሰለኝ፤ እጁን ወደ ጣሳው ሰደደ። “ቀልጧል እንዴ?”

እትዬ ታንጉት ክዳኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት። “ተወው። እሱ ደኅና ነው።”

ሦስት ሆነን ፍሪጁን ወደ ሳሎኑ መለስነው። ሕሩይ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀው፤ ጥቂት አሳረፈውና ሰካው። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ።

“አለ” አሉ እትዬ ታንጉት። በዚህ ጊዜ ግን መዳፋቸውን አላሳረፉበትም፤ እጃቸው ከነጠላው ሥር ነበር።

ለገና ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሊባርኩ መጥተው ጣሳውን አዩ። በረዶ ነበር። ራሳቸውን ነቅንቀው ክዳኑን ገጠሙት። ሰፈሩም እንደ በፊቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማለፉን ቀጠለ።

እትዬ ታንጉት በ2010 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ቄሱ በፍትሐቱ የእናትና የልጅን ስም አከታትለው ጠሩ፤ አንድ ድንኳን ለሁለት አለቀሰ። ፍሪጁን ማን እንደነቀለው አላውቅም። በሣልስቱ ስገባ ሳሎኑ ዝም ብሎ ነበር፤ መዳፌን ጎኑ ላይ አሳርፌ ቆምሁ።

ታሪካቸውን እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር ብቻ “እኔ እስካለሁ ተይው” ብለውኛል። ሕሩይ በመጣ ዕለት ጣሳው ባዶ ነበር።

“ክዳኑን ባነሣው ውሃ ሆኗል” አሉኝ። “እህል ሳልቀምስ፣ እዚያው ቆሜ ጠጣሁት። ኋላ ከጀሪካኑ ሞላሁበት፤ አባ ያዩት እሱን ነው።” ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። “ሻይ ሻይ ይላል፣ ልጄ። ቅርንፉድ አለበት። ፀጋው ፔርሙስ ማጠብ አይወድም ነበር።”