የኮፈኑ ቸብ ቸብ

በዚያ ጋራዥ የተጠገነ መኪና አባትየው ኮፈኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ሳያደርጉለት ከግቢ አይወጣም። ቸብ ቸብ ማለት «ለዚህ መኪና እኔ አለሁ» ማለት ነው። ልጃቸው ሞተር አውርዳ ገጥማለች፣ ማርሽ በትናለች፣ ከግሪስ ጋር አድጋለች፤ ኮፈን ግን መትታ አታውቅም። ደንበኛ «ይቺ ማናት?» ሲል መልሳቸው አንድ ነው፦ «ልጄ ናት፣ ታግዘኛለች።» ይህቺ «ታግዘኛለች» ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ታስነክሳለች።

ያን ቀን ፒክአፑን ያመጣው ከጥድፊያው ብዛት «ቶሎቶሎ» የሚባለው ጫኝ ነበር። በማግስቱ የሰው ቤት ዕቃ ጭኖ ረጅሙን ቁልቁለት ይወርዳል፤ የኋላ ፍሬኑ ግን በተያዘ ቁጥር ያለቅሳል። ዲስኮቹ ተበልተው አልቀዋል።

«ጋሼ፣ አደራ፣ በራስዎ እጅ ይሁንልኝ» አለ።

አባትየው ከዕድሜ የተነሣ መንቀጥቀጥ የጀመሩ ጣቶቻቸውን ኪሳቸው ከተቱና «እሷ ታግዘኛለች» አሉ። ልጅቷ ሰማች። ዛሬ ይህን ኮፈን የምመታው እኔ ነኝ ብላ በሆዷ ማለች።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፤ የኋላውን በክሪክ አንስታ በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፈች። ጎማዎቹንና የፍሬን ሸራ መያዣዎቹን ፈትታ ሁለቱንም ዲስኮች በእጇ አዞረቻቸው። ይዞራሉ፤ ነገር ግን ዝገት ከመሃሉ ብረት ጋር አጣብቋቸው አይወልቁም። የቀኙን ዘይት አጠጣችው፤ ዙሪያውን በመዶሻ ታባብለው ጀመር። ስትመታ ታንጎራጉራለች፤ መዶሻውም ዜማውን ጠብቆ ይወርዳል። የተያዘ ዲስክ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሲለቅ ግን እንደ ደወል ይጠራል። የቀኙ ከምሳ በፊት ጠራ።

ከምሳ በኋላ አባትየው ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብለው ሬዲዮ ከፈቱና ደጁ ላይ ከዱካቸው ተቀመጡ። እሷ ወደ ግራው ዞረች። ዘይት አጠጣች፣ መታች፣ ደግማ መታች። ድፍን። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ ድምጿን ከፍ አደረገች፦

ዝገት ይዞህ እንጂ መች ጠላኸኝ አንተ፣
ቀስ ብዬ ሳንኳኳ ልብህ ተከፈተ።

«ለዲስኩ ነው ወይስ ለኔ?» አሉ አባትየው ከዱካቸው ላይ።

«አልለቅ ላለ ሁሉ ነው፣ አባዬ!»

ቶሎቶሎ ሰዓቱን እያየ ገባ። «ኧረ እሷ ስትዘፍን ሊመሽብኝ ነው! ጋሼ፣ ይያዙት እንጂ!»

አባትየው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው መዶሻውን።»

መዶሻው ከሄደ ኮፈኑም አብሮ መሄዱ ነው። «አንዴ ቆዩኝ» አለችና በሌላ በኩል ልትመታው ዲስኩን በእጇ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ዞሮላት ነበር እኮ! ዝገት እንዳይወልቅ ያደርገዋል እንጂ እንዳይዞር አያደርገውም። ከውስጥ ሌላ የያዘው አለ። መዶሻዋን እንደያዘች ወደ ጋቢናው ሄዳ አየች። የእጅ ፍሬኑ ሽቅብ ተስቦ ቆሟል።

«አባዬ፣ ሬዲዮ ሲከፍቱ ሌላም ነገር ነክተዋል መሰለኝ።»

አባትየው የገዛ እጃቸውን እንደ ሌባ አዩት። «ይቺ እጅ! ዕድሜዋን ሙሉ መኪና ውስጥ ገብታ ፍሬን ሳትስብ ወጥታ አታውቅም!»

ቶሎቶሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዝገቱን እናማለን፣ ለካ የያዙት እርስዎ ኖረዋል!»

አባትየውም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው መሃል ላይ ቀረ። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩ። ሄደው ፍሬኑን በገዛ እጃቸው ለቀቁ።

ዲስኩ ዞረ። መታችው፣ አዞረችው፣ መታችው፤ «ልብህ ተከፈተ» ላይ ስትደርስ ግቢው ሁሉ የሰማው የጠራ ድምፅ ወጣ። ዲስኩ እቅፏ ውስጥ ገባ። አዲሶቹን ገጠመች፣ ጎማ መለሰች፣ ራሷ ነድታ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሞከረችው። ፍሬኑ ድምፁን ሳያሰማ ይይዛል።

ቶሎቶሎ ሞተር አስነሥቶ ጠበቀ። አባትየው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

«ጋሼ፣ ቸብ ቸቡስ?»

«እኔን ምን ትለኛለህ? ሜካኒኳ ያቻት። እኔ አግዣታለሁ።»

«አስተጋገዝዎንስ አይተናል!»

እሷ እጇን ቱታዋ ላይ ልትጠርግ አለችና ተወችው። እንደ ጠቆረ መዳፏን አነሣች። ቸብ፣ ቸብ።

ፒክአፑ የእጇን ማኅተም በነጭ ኮፈኑ ላይ ይዞ መንገዱን ወረደ።