ሻለቃ አልነበረም

ባሌን ሻለቃ ያደረጉት ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ወታደራዊ ፖሊስ፣ እኛ ድሮ ኤምፒ የምንለው። የገዛ አገሩ ያልሰጠውን ማዕረግ ሳን ሆዜ ያለው የመረዳጃ ማኅበራችን በቀብሩ ቀን ሰጠው።

ይህን የምጽፈው ለመታረቅ አይደለም። ሌሎች ስለ እኔና ስለ ባሌ ሲናገሩ ብዙ ዓመት ሰምቻለሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

የተገናኘነው ኦክላንድ፣ በነርስነት በምሠራበት ሆስፒታል ነው። እሱ ከጦሩ ጡረታ ወጥቶ ካሊፎርኒያ ከመጣ በኋላ የሆስፒታሉ የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ሁለታችንም ወጣት አልነበርንም፤ እኔ ሴት ልጄን ብቻዬን አሳድጌ ጨርሼ ነበር። ስለ ትዳራችን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ማወቅ ለሚገባው ነግሬያለሁ፤ ለሌላው ሐሜቱ ይበቃዋል።

ሐሜቱም ሞልቶ ነበር። «ፈረንጅ ማግባቷስ ይሁን፣ ወታደር? ወታደርስ ይሁን፣ ፖሊስ?» ትል የነበረችው ሴት ዛሬም ሪችመንድ አለች። እግሯን ስትታመም ሄጄ ጠይቄያታለሁ። የጠየቅኳት ስለወደድኳት አይደለም።

የማኅበራችን ሰዎች በአብዛኛው በንጉሡ ጊዜ ተማሪ የነበሩ ናቸው። ሰልፍ የወጡ፣ በቆመጥ የተደበደቡ፣ ኋላም እዚህ መጥተው ዲግሪ በዲግሪ ላይ የደረቡ። ለእነሱ ፖሊስ ማለት ያ ቆመጥ ነው፤ የየትም አገር ይሁን። ከሁሉም የሚብሱት ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ፍሪሞንት በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ዶክተር የምንላቸው፣ ንግግር የሚያምርባቸው ሰው ናቸው። አንቱ ማለቴን ዛሬም አልተውኩም። ቂሜን በአክብሮት ነው የምይዘው።

ዶክተሩ ባሌ ሜዳሊያ እንዳለው የሰሙት በአንድ የማኅበር ምሳ ላይ ነው። ነገሩ ያመለጠኝ ከእኔው አፍ ነበር። ወዲያው «በምን አገኘህ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ባሌ ስለ አገልግሎቱ ማውራት አይወድም፤ ከተጠየቀ ግን አይዋሽም።

«መንገድ መሀል ቆሜ መኪና አሳለፍኩ» አላቸው።

ዶክተሩ ወደ እኛ ዞሩና በአማርኛ፣ «ትራፊክ ነበር በሉኛ! የእንግሊዝ መንግሥት እንዴት ደግ ነው እባካችሁ፣ ለፊሽካም ይሸልማል!» አሉ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሪችመንድ ያለችዋ እንባዋን ጠረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሚስተር ትራፊክ ሆነ። «ሚስተር ትራፊክ፣ እስቲ ያንን ዶሮ ወጥ በዚህ በኩል አሳልፍልን!» ይሉታል። እሱም ሳህኑን እያቀበለ በተሰባበረ አማርኛው «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል፤ ይስቃሉ፤ አብሯቸው ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። ቤት ስንገባ ስቆጣ፣ «በጦር ሰፈር ከዚህ የባሰ ብለውኛል» ይለኝ ነበር።

የድልድዩን ነገር የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኩሽና ቆሞ ድንች እየላጠ። ጦሩ በሰው አገር ነበር። የእሱ ክፍል ሥራ መንገድ ማስያዝ ነው፤ የቱ መኪና ይቅደም፣ የቱ ይቁም። ለእሱ የደረሰው ድልድይ አፍ ላይ ያለ መስቀለኛ መንገድ ነበር። ከወዲያ ማዶ ቁስለኛና የሚሸሽ ሕዝብ ይመጣል፤ ከወዲህ የጦሩ ካሚዮኖች ተሰልፈዋል። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው አንዱን ወገን ብቻ ነው። የመድፍ ጥይት በአካባቢው መውደቅ ሲጀምር ሁሉም እኔ ልቅደም አለ። ባሌ ከተጠለለበት ቦይ ወጥቶ መንገዱ መሀል ቆመ። ኤምፒዎቹ የሚታወቁበትን ቀይ ኮፍያ እንኳ አላወለቀም፤ ካላዩኝ አይታዘዙኝም ብሎ ነው። መጀመሪያ ቁስለኞቹን አሳለፈ፣ ቀጥሎ ሴቶችና ሕፃናት የጫኑትን ጋሪዎች። የገዛ ጦሩን አቆመ። አንድ ከፍተኛ መኮንን ከመኪናው ወርዶ ሽጉጥ መዘዘበት።

«ታዲያ ምን አልከው?» አልኩት።

«ጌታዬ፣ ተራዎን ይጠብቁ፣ አልኩት» አለኝና ድንቹን መላጡን ቀጠለ።

እዚያው እንደቆመ ትከሻውን ፍንጣሪ መታው። ሕዝቡ አልፎ እስኪያልቅ ግን ከቦታው አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዱ በደንብ ስለማይነሣ ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ነበርኩ።

ባሌ ሰው አልገደለም። በአገልግሎቱ ዘመን ሁሉ ያሰራቸውም ባላጋራዎቹን ሳይሆን የራሱን ወገን ነው፤ ሰክሮ የሰው ቤት የሰበረ ወታደር፣ ምርኮኛ የደበደበ ወታደር። ኤምፒ ሲገባ መሸታ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ወንበር የሚለቅ አይገኝም ይል ነበር። እኔም በማኅበሩ ምሳ ላይ ወንበር ሲጠፋልን አይቻለሁና ገብቶኛል።

ሲሞት ማኅበሩ አልተወኝም፤ ይህን አልክድም። ምግቡ መጣ፣ ወንበሩ መጣ፣ ዶክተሩ ከቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋር እየተደዋወሉ ሁሉን ነገር አመቻቹ። «የሕይወት ታሪኩን እኔ እጽፋለሁ፤ አንቺ አትቸገሪ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሰው የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ አይቀበርም። ሲነበብም ሟቹን ከፍ ማድረግ ወጉ ነው። ጸሐፊ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፤ ሚስቱን ይመታ የነበረው «ትዳሩን አክባሪ» ይባላል። ሁላችንም እናውቃለን፣ አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን። እኔ ግን ለዶክተሩ ሁሉንም ቁጭ ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ ኤምፒነቱን፣ ሃምሳ አለቃነቱን፣ ድልድዩን። እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ባለው መካነ መቃብር ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ሬሳው ፊት ለፊት ቆመው ማንበብ ጀመሩ። «ሻለቃ» ሲሉ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። «ሻለቃ ከጠላት ጋር ጨበጣ ገጥመው፣ በርካታ የጠላት ጦር ደምስሰው፣ ከፍተኛ የጀግና ሜዳሊያ ተሸላሚ የሆኑ...» ፖሊስ የሚል ቃል የለም። ድልድይ የለም። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ደማቸው ሞቆ «ገዳይ!» አሉ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጉልበቴን ቸብ ቸብ አድርጋ «እሰይ፣ እንዴት አከበሩልሽ» አለችኝ።

አፈር ሳይለብስ ሥራውን እየቀሙት ነበር። ዝም ብል፣ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው ኖሮ ለማያውቅ ሰው ይሆናል። ተነሣሁ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ፕሊስ። ሌት ኢት ጎ። ኖት ቱዴይ።»

«ዛሬ ካልሆነ መቼ?» አልኳትና ሄጄ ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆምኩ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚያነቡት የባሌን ታሪክ አይደለም።»

ማይክሮፎኑን በእጃቸው ሸፍነው፣ «እኅቴ፣ ሐዘን ነው። ሂጂ ተቀመጪ፣ በኋላ እናወራለን» አሉኝ።

«በኋላማ ይቀበራል።»

ገለል አሉልኝ። ሴት ልጅ ሬሳ ፊት ቆማ መናገሯን ያልወደዱ እንደነበሩ አይቻለሁ። «ባሌ ሻለቃ አልነበረም» አልኩ። «ሃምሳ አለቃ ነበር። ማንንም አልደመሰሰም። ፖሊስ ነበር።» የድልድዩን ነገር ድንች እየላጠ በነገረኝ መልክ ነገርኳቸው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ሚስተር ትራፊክ ብላችሁ የሳቃችሁበት ሥራ ይኸው ነው። በቁሙ ካሳቃችሁ፣ ሲሞት የምትደብቁት ለምንድነው?»

ሁለት ሦስት ሰዎች ወጡ። ዶክተሩ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሩ ሽማግሌዎች ይዘው ኦክላንድ፣ አፕታውን ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቴ መጡ። ፓርኪንግ አጥተው ሲዞሩ ስለቆዩ ሲገቡም ተናደው ነበር። ያ «ገዳይ» ያሉት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሰውዬውን በአደባባይ አዋርደሻቸዋል። ይቅርታ በይና ነገሩ ይለቅ» አሉ።

«እኔ ያዋረድኩት ሰው የለም፣ አባቴ» አልኩ።

 ዶክተሩ ሲናገሩ ያ የሚያምረው ንግግራቸው አልነበረም። «ያደረግኩት ለክብሩ ብዬ ነው። ፖሊስ የሚለውን ቃል በምስጋና ላነበው አልቻልኩም። ጻፍኩት፤ ሰረዝኩት። እነዚህ የፊት ጥርሶቼ የእኔ አይደሉም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። አሳዘኑኝም፤ ይህን ብደብቅ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ግን የእሳቸው ጥርስ የባሌን ዕድሜ ማጥፋት የለበትም።

«ዶክተር» አልኳቸው፣ «ያ ቆመጥ እርስዎ ላይ ሲወርድ የእኔ ባል እዚያ ቢኖር ኖሮ፣ የሚያስረው እርስዎን ሳይሆን ባለ ቆመጡን ነበር። ሥራው ይኸው ነበር። እርስዎ ግን አልጠየቁትም። ስቀውበት ነው የቀሩት።»

ሽማግሌው «እንግዲህ ይብቃ፣ ይብቃ» አሉ። እኔም ይቅርታ እንደማልል፣ ለአርባው የሕይወት ታሪኩን ራሴ እንደማነብ፣ መምጣት የፈለገ እንዲመጣ ነገርኳቸው። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ሄዱ።

ባሌ አርባ የሚባል ነገር አያውቅም። ያወጣሁለት በእኔ ወግ ነው፤ ሳን ሆዜ፣ እነሱ በሳቁበት በዚያው አዳራሽ። ከጠበቅኩት በላይ ሰው መጣ። ዶክተሩ ዘግይተው ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰላም አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም። ማንበብ ጀመርኩ። «በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የወታደራዊ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነበር» ስል ዶክተሩ ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ ግን አልወጡም። ትንሽ ጠበቅኩና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር።